የድምፅና የውዝዋዜ ውድድርን ቤት ሆኖ መዳኘት

እንደ ባላገሩ አይዶል ወይም ፋና ላምሮት ያለ ውድድር ሲተላለፍ ሳሎን ውስጥ ያለው ሁሉ ዳኛ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዘፋኙ ሳይሆን ስለ ዘፈኑ ይሆናል። ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚጫወቱት ሕዝቡ አስቀድሞ የወደደውን የሌላ ድምፃዊ ሥራ ስለሆነ፣ ዘፈኑ የቀሰቀሰብንን ስሜት ለልጁ ነጥብ አድርገን እንሰጠዋለን። ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። የሚታረመውም በወረቀትና በእርሳስ ነው።

ወረቀቱን በአምስት ዓምድ ክፈሉት። ከመቶው ለቅኝት (ዜማው የተመሠረተባቸውን ድምፆች ሳይስቱ ለመያዝ) 30፣ ለምት 20፣ ለስሜትና ለዛ 20፣ ለቃል አወጣጥ 15፣ ለትንፋሽ 15 ስጡ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ደህና ከተጫወተ 70 አካባቢ አስቀምጡት፤ 90 ከሰጣችሁት ለሚበልጠው የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ነጥቡን የምትጽፉት ዘፈኑ እንዳለቀ፣ ዳኞቹ ሳይናገሩ ነው። አስተያየታቸውን ከሰማችሁ በኋላ እጃችሁ ወደ እነሱ ማዘንበሉ አይቀርም። ሁሉንም ለመጨረሻ ካቆያችሁት ደግሞ ጎልተው የሚታወሷችሁ በስተመጨረሻ የወጡት ብቻ ይሆናሉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቤዝ የሚያጎላ የድምፅ ምርጫ ካለ አጥፉት፤ የዘፋኙን ድምፅ ከባንዱ ሥር ይቀብረዋል። የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቅኝት። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። የሙዚቃ ትምህርት ባይኖራችሁም መፈተን ትችላላችሁ። ባንዱ መግቢያውን ሲጫወት ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉና አፋችሁን ገጥማችሁ በቀስታ አንጎራጉሩት። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲጨርስ እናንተ በያዛችሁት ድምፅ ላይ ካረፈ ቅኝቱን ይዟል። ትንሽ ወርዶ ካረፈ ጆሯችሁን ይቆረቁራችኋል፤ ያን ጊዜ ቀንሱ።

ዋናው ፈተና ያለ አጃቢ የሚጀመር ዘፈን ነው። ብዙዎች ትዝታን ቀስ ብለው፣ ያለ ምት ይጀምሩታል፤ ባንዱ የሚገባው በኋላ ነው። ልጁ ሳይታወቀው ወርዶ ከሆነ ኪቦርዱ በገባበት ቅጽበት ልዩነቱ ይጋለጣል። ያችን ቅጽበት ጠብቁ። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ይከብዳል፤ ከዶ ሲነሳ ሬና ሶል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ አንዳንዶቹ ክፍተቶች ጠባብ ናቸው፤ ጥቂት መንሸራተት ዜማውን ያበላሸዋል። እሱን መርጦ በትክክል የተወጣ ልጅ፣ በቀላል ዘፈን ካጨበጨብንለት ልጅ በላይ ይገባዋል።

ቅላጼም እዚሁ ይመዘናል። ድምፅን ማርገብገብ የሚያምረው በአምስቱ ድምፆች መካከል ሲሆን ነው። ከውጭ ዘፈን የተቀዳ ረጅም ሽቅብና ቁልቁል ሩጫ ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ድምፆች ስለሚረግጥ ጭብጨባ ቢያስገኝም ነጥብ አያስገኝም።

ሴት ልጅ የወንድ ዘፈን በነበረበት ቶን (የድምፅ ከፍታ) ከተጫወተች ስንኞቹ ከድምፅዋ በታች ይወርዱና አዝማቹ ብቻ ይሰማል። ይህ የቶን ምርጫ ጥፋት ነው፤ ከቃል አወጣጥ እንጂ ከቅኝት አትቀንሱ። ቃል ላይ ማጥበቅና ማላላትን ተከታተሉ፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ሌላ ነው። ትንፋሹን በቃል መሐል የሚቆርጥ ዘፋኝ ደግሞ ቅኔ ያለበትን ስንኝ ይገድለዋል፤ ሁለት ትርጉም የያዘው ኅብረ ቃል ለሁለት ከተሰበረ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ትርጉም፣ አይሰማም። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈንም ድምፅ ያፍናል፣ ፉጨት ያመጣል።

ውዝዋዜ ላይ ችግሩ ካሜራው ነው። የጉራጌ ጭፈራ ጉልበቱ እግርና እጅ ላይ ሆኖ ሳለ ፊት ብቻ ይታያል፤ የወላይታ ወገብ ላይ ሆኖ ሳለ ትከሻ ይታያል። መድረኩ ሙሉ እስኪታይ ድረስ ነጥብ አትስጡ። እስክስታ ላይ ትከሻው ከከበሮው ምት ጋር መግጠሙን ለማወቅ ምቱን በጣታችሁ ጠረጴዛው ላይ ምቱ። በቡድን ሲሆን ዓይናችሁን ከፊት መሪው ላይ አንሱና ከኋላ ዳር ያለውን እዩ። ጓደኛውን እያየ የሚጨፍር ሰው ሁልጊዜ በጥቂቱ ይዘገያል፤ መዞሪያ ላይ ይጋለጣል። ከአንዱ ብሔረሰብ ጭፈራ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ምቱ ይቀየራል፤ ያልተለማመደ ቡድን እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ምት ይስታል። ልብስ ማማሩ አያታልላችሁ።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፅ የምትሰጡ ከሆነ የተወዳዳሪውን ኮድ ከስክሪኑ ላይ አይታችሁ እንዳለ ጻፉ፤ ስም ወይም ምርቃት ከጨመራችሁበት ላይቆጠር ይችላል። የማረጋገጫ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። መስመሩ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስለሚጨናነቅ ቀደም ብላችሁ ላኩ፤ ለእያንዳንዱ መልእክትም ሂሳብ እንደሚቆረጥ አትርሱ። አጭር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአገር ውስጥ ሲም ስለሆነ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከው ላይደርስ ይችላል፤ ምርጫውን ነግሯችሁ እናንተ ላኩለት።