ከአዳማ ወደ በረሃ ሲወርዱ፦ ስለ ደረቅ መሬት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ተነስቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሰባት፣ ከዚያም ወደ ገዋኔ የሚወርደው መንገድ ተጓዡን ከጤፍ ማሳ ወደ ግራር ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦውም ወደ ደረቅ ሜዳ ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ ለትምህርት፣ ለችግኝ ተከላ፣ ለእርሻ ሥራ ወይም ለጉብኝት የሚወርዱ ሰዎች አብዛኞቹ ቅን ሐሳብ ይዘው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ቆላውን የሚመዝኑት በደጋ ሚዛን ስለሆነ፣ ሊጠቅሙት ያሰቡትን መሬት ሲጎዱት ይታያል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ደረቅ መሬትን ባዶ መሬት ብሎ መጥራት ነው። በቀትር ከመኪና መስኮት ለሚመለከት ሰው ሜዳው ሕይወት የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀትር የበረሃ ፍጥረት ሁሉ ውሃውን ለመቆጠብ የሚከተትበት ሰዓት ነው። እሬት የቅጠሎቹን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ በቀዝቃዛው አየር ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አከማችቶ በማግስቱ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚታወቀው ሳላ የተባለው የዱር እንስሳ ደግሞ ውሃ ሲያጥረው ላብ በማላብ ፈንታ የሰውነቱ ሙቀት እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲወጣ ይተወዋል፤ ያጠራቀመውን ሙቀት የሚያስወጣው ሌሊት አየሩ ሲበርድ ነው። ግመልም በተመሳሳይ መንገድ ይኖራል። በሻኛው ውስጥ ውሃ ይዞ ይዞራል የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም፤ ሻኛው ስብ ነው። የግመል ጥንካሬ ከክብደቱ አንድ አራተኛ የሚያህል ውሃ አጥቶ እንኳ መቆም በመቻሉና ውሃ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል በመጠጣቱ ይገለጣል።

አፈሩም ባዶ አይደለም። ለዓመታት ተኝተው የሚቆዩ የሣርና የአበባ ዘሮች አሉበት። የአንዳንዶቹ ቅርፊት ብቅለትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ያንን አጥቦ የሚያስወግድ በቂ ዝናብ እስኪጥል ድረስ አይበቅሉም። በአንድ ዝናብ ሁሉም ዘር በአንድ ጊዜ አለመብቀሉም ለዝርያው መድን ነው፤ ዝናቡ በመሃል ቢቋረጥና ቡቃያው ቢደርቅ ለሚቀጥለው ወቅት የሚተርፍ ዘር ይኖራል። ስለዚህ በደረቅ ወር ያዩትን መሬት «ምንም የለበትም» ብሎ በትራክተር መገልበጥ ወይም በመኪና ከመንገድ ወጥቶ እንደ ልብ መንዳት፣ ያልታየ ጎተራን መበተን ነው።

ሁለተኛው ስህተት በዓመታዊ የዝናብ መጠን ላይ ብቻ መተማመን ነው። በደረቅ አካባቢ የአንድ ዓመት ዝናብ ትልቁ ክፍል በጥቂት ኃይለኛ ዶፎች ሊጥል ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ አፈሩ የሚጠጣው የተወሰነውን ነው፣ ቀሪው በጎርፍ ይሄዳል ወይም ይተናል። በቁጥቋጦዎች መካከል የሚታየው ራቁት ቦታም ብዙ ጊዜ የመራቆት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። መሬቱ ጤነኛ ከሆነ ግን ያ ክፍት ቦታ የወረደበትን ውሃ ወደ ቁጥቋጦው ሥር ያንሸራትታል፤ በግንዱ ዙሪያ የተጠራቀመው ቅጠል፣ ምስጡ የቆፈረው ቀዳዳና ለስላሳው አፈር ደግሞ ውሃውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ያሰርጉታል። ለአንድ ቁጥቋጦ የሚበቃው ውሃ ከእርሱ በሚሰፋ መሬት ላይ የሚሰበሰብ በመሆኑ ክፍተቱን ሁሉ በችግኝ መሙላት ነባሩን ተክል ማስጠማት ይሆናል።

ሦስተኛው ስህተት ብዙ ዋጋ ያስከፈለን ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ እርሱም አረንጓዴ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ማመን ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ወደ አፋር ቆላ ሲገባ የታሰበው መልካም ነበር፤ ድርቅን ይቋቋማል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ንፋስ ይገታል፣ ማገዶ ይሆናል ተብሎ ነበር። ዛፉም ይህን ሁሉ አድርጓል። ነገር ግን ጣፋጭ ቆባውን፣ ማለትም ዘሩን የያዘውን ፍሬ፣ ከብትና ፍየል በልተው ዘሩን በፋንድያቸውና በበጠጣቸው ወደ ሄዱበት ሁሉ አደረሱት፤ ጎርፍም በአዋሽ ዳርቻ አሠራጨው። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃን ይሻማል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ በደረቁ ወራት መንጋ ይጠጋባቸው የነበሩት የወንዝ ዳር ግጦሾችም በእሾህ ተዘግተዋል። ከሩቅ ሲታይ ግን አካባቢው ለምለም ነው፣ ከላይ የተነሳ ፎቶግራፍም አረንጓዴ ብሎ ይመዘግበዋል።

እዚህ ላይ ተያያዥ የሆነ ሌላ ስህተት አለ። ፕሮሶፒስን ለከሰል በጉልበት ልክ ቆርጦ መተው ጠፋ ማለት አይደለም። ጉቶው ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ከቆረጣው በታች፣ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ብዙ ቀጫጭን ቀንበጦች ሲያቆጠቁጡ ያገኛል፤ አንድ ግንድ የነበረው ከጥቂት ወራት በኋላ ሰው የማያሳልፍ ቁጥቋጦ ይሆናል። የሚያቆጠቁጠው እምቡጥ ያለው በሥሩ አንገት ላይ በመሆኑ ከአፈር በታች ቆፍሮ ያንን ክፍል መቁረጥ፣ የጸዳውንም መሬት ወዲያው ሣር ማልበስ ወይም ማልማት ያስፈልጋል። ቆባውን ለመኖ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ዘሩ እስኪሰበር ድረስ አስፈጭተው እንዲመግቡ መምከር ተገቢ ነው፤ ሙሉውን መስጠት መልሶ መዝራት ነውና።

ችግኝ በመትከል ረገድ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ የተተከለውን ቆጥሮ የጸደቀውን አለመቁጠር ነው። በክረምት የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም አረንጓዴ መሆኑ ብዙ አያስገርምም፤ መለኪያው ከበጋው በኋላ ያለበት ሁኔታ ነው። ለቆላው እንደ ጠደቻ፣ በደኖና ቁርቁራ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ከባዕድ ዝርያ ይልቅ ይመረጣሉ፤ በእኔ እምነት ግን ከመትከልም በፊት መሬቱን ከግጦሽና ከመጥረቢያ ከልሎ ምን እንደሚያወጣ ማየት ይቀድማል። ከተቆረጡ ግራሮች ጉቶና በአፈሩ ውስጥ ካለው ዘር ራሱ የሚነሳው ቡቃያ ሥሩን እዚያው ስላበጀ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ካደገው ይልቅ በጋውን የመሻገር የተሻለ ዕድል አለው። የዚህን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዳማ ዙሪያ ገበሬዎች በማሳቸው መካከል ሳይቆርጡ የሚተዉት ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ነው፤ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ወቅት አይጋርደውም፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ከብቱ መኖ በሚያጣበት ወቅት ደግሞ ቆባው ይደርሳል።

መስኖንም ያለ ማፋሰሻ መጀመር በረሃን ማልማት አይደለም። በሞቃት አካባቢ የመስኖ ውሃ በፍጥነት ሲተን በውስጡ ያለው ጨው እላይ ይቀራል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ካለ ደግሞ በአፈሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተሳበ ተጨማሪ ጨው ያወጣል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ በዚህ ምክንያት ከእርሻ የወጣ መሬት አለ፤ ነጭ ሆኖ የደረቀው የአፈር ገጽ ራሱ ይመሰክራል። ውሃ ማስገባት የግማሹ ሥራ ነው፤ ግማሹ ትርፉን ማውጣት ነው።

በመጨረሻም ለመሬቱ መራቆት አርብቶ አደሩንና ፍየሉን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አለ። ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ጉዳት እንደሚያደርስ አይካድም። ነገር ግን ፍየል የግራር ቆባ በልታ የምትጥለው ዘር ጠንካራ ልባሱ በሆዷ ውስጥ ስለሚሳሳ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይበቅላል፤ በፈንታሌ ዙሪያ ያሉት ከረዩዎችም ሆኑ አፋሮች መንጋቸውን በየወቅቱ ማዘዋወራቸው ለሣሩ የዕረፍት ጊዜ ይሰጠዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ይህ ዝውውር ሲዘጋ ነው። በበጎ ፈቃድ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ እንኳ ቦታው በደንብ ካልተመረጠ ይዘጋዋል፤ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ በነበረ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ከተገኘ መንጋው እዚያው ይቆያል፣ ከጉድጓዱ ዙሪያ ጀምሮም ሣሩ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ያ ሜዳ በየትኞቹ ወራት እንደሚያርፍ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅና፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረም በእነዚያ ወራት የሚዘጋበትን ሥርዓት ከእነርሱ ጋር መወሰን ያስፈልጋል።