ጋራዥ፣ ጊታርና ቤተሰብ፦ ሦስቱን አብሮ መያዝ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። የእጅ ባትሪውን በአንገቴና በትከሻዬ መሀል ይዤ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እየመለስኩ ነው። ሦስቱ በሰላም ገቡ። አራተኛው ገና ሲጀምር ከበድ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አውጥቼ በጣቴ እንደገና እጀምረው ነበር። ያን ምሽት ግን ደክሞኝ ነበርና በቁልፍ ገፋሁት። ጥርሱን ስቶ ነበር የገባው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ እንዳለ ተበላ።

ቀዳዳውን ማስፋት፣ አዲስ ጥርስ ማስገባት፣ ብናኝ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይቀር ማጽዳት፣ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ግን ሁለቱ ቀናት አይደሉም። ያን ዕለት ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ግጥም ታነባለች። ጠዋት ስወጣ በር ላይ ይዛኝ «አባዬ፣ ትደርሳለህ አይደል?» ብላኛለች። አልደረስኩም።

መካኒክ ከሆንኩ 19 ዓመቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጊታርም እወዳለሁ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼንማ ምን ብዬ ልግለጽ። ከዚያ ምሽት በኋላ ቁጭ ብዬ አኗኗሬን እንደ ተበላሸ ሞተር ፈታሁት። እዚህ የምጽፈው ስገጣጥመው የሠራልኝን ነው። እናንተ የምትጠግኑት ስልክ ይሁን ማቀዝቀዣ፣ ሊፍት ይሁን ጄኔሬተር፣ አብዛኛው ይሠራላችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የመዝጊያውን ሰዓት

ብዙዎቻችን የምንወጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። የጥገና ሥራ ደግሞ አያልቅም። አንዱን ስትዘጉ ሌላው በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ የምወጣበትን ሰዓት የምወስነው ጠዋት፣ ገና ምንም ሳልፈታ ነው። የእኔ 12 ሰዓት ነው።

ይህን ለማክበር አንድ ደንብ አለኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልሼ የማልገጥመውን ነገር አልፈታም። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አላወርድም። ቴስታታ አላነሳም። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ዘይት እቀይራለሁ፣ ጎማ አያለሁ፣ መብራት እፈትሻለሁ፣ ለነገ የሚያስፈልገውን ዕቃ አዝዛለሁ። ትልቁን ሥራ አእምሮዬ ትኩስ በሆነበት ጠዋት እጀምረዋለሁ።

ድካምን እንደ ስንፍና የሚያይ ሰው ካለ ይህን ይስማ። በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ይወርዳል ይላል። እኔ ያን ቀን የተነሳሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ካንዴላውን ስገፋ ልክ 17 ሰዓት ሞልቶኝ ነበር። ጠጥቼ ሰው መኪና ላይ እጄን አላሳርፍም፤ ደክሞኝስ ለምን አሳርፋለሁ?

የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ለጥገና አልነካትም። ያልተዘጋ ሥራ ካለ ፎቶ አነሳዋለሁ። ብሎኖቹን በየከረጢቱ ከትቼ ከየት እንደወጡ እጽፍባቸዋለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ መሪው ላይ እለጥፋለሁ፦ «የቀረው፦ የግራ ኋላ ፍሬን ማናፈስ (አየሩን ማስወጣት)፣ ዳዶ ማጥበቅ።» ድሮ ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር ወደ ቤት የምሄደው። ሚስቴ ስታወራኝ ዓይኔ እሷ ላይ፣ ሐሳቤ ፍሬኑ ላይ ነበር። አሁን መሪው ላይ ያለው ወረቀት ያስብልኛል።

እናንተ ሳትኖሩ የሚሠራውን ለማታ ተዉለት

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው። በሙያችን ውስጥ ጊዜ ብቻ የሚፈልጉ፣ ሰው የማይፈልጉ ሥራዎች አሉ። ድሮ በቀን መሀል እጀምራቸውና እስኪደርሱ እቁነጠነጥ ነበር። አሁን ሁሉንም ለመውጫ ሰዓቴ አስቀምጣቸዋለሁ።

የዛገ ብሎን አለ እንበል። ታግላችሁ ብትሰብሩት ግማሽ ቀን ሄደ። ማታ ስትወጡ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጡትና ሂዱ። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ውስጥ ይሰርጋል። ጠዋት መዶሻ ቸብ ቸብ አድርጋችሁበት ስትሞክሩት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። በጋርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሀል ገብቶ ፍሳሽ በሚከለክለው ሽፋን) ፋንታ የሚቀባ ሲሊኮንም እንዲሁ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት የሚፈልግ አለና ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ማታ ቀብታችሁ ከሄዳችሁ አብዛኛው ሰዓት በእንቅልፋችሁ ያልፋል። በብዙ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊቱን አድሮ ከቀዘቀዘ ሞተር የተሻለ የት ይገኛል? ባትሪ በዝግታ ሲሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ማታ የምትሰኩት ግን ቻርጀሩ ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ከሆነ፣ ቦታውም አየር የሚገባው ከሆነ ብቻ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ይቀጣጠላል።

ዘይት የሚያፈስ መኪናም አለ። ሞተሩን ከሥር ጠርጌ አደርቀዋለሁ፤ ንጹሕ ካርቶን አነጥፍለታለሁ፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ ካርቶኑ ይነግረኛል። በሥር ተኝቼ በባትሪ ብርሃን ሁለት ሰዓት ከመፈለግ ይህ ይበልጣል።

ደንበኛን ጠዋት መሸኘት

አልችልም ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ ሰውየው ፊታችሁ ቆሞ ሲለምን። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ቀላል ነው። እውነቱን ጠዋት እናገራለሁ። መኪናውን ስቀበል «ዛሬ ማታ ይደርሳል» አልልም። «ነገ 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል» እላለሁ። ቀድሞ ከደረሰ ደውዬ አስደስተዋለሁ። ጠዋት «አይደርስም» የተባለ ሰው ሌላ መላ ይፈልጋል። ማታ የተባለ ግን ይቆጣል፤ እውነቱንም ነው።

አሁንም የሚለምን አይጠፋም። በቅርቡ አንድ ሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ «ወንድሜ በእናትህ፣ ዛሬ ፍሬኑን ጨርስልኝ» አለኝ። «ወንድሜ፣ ፍሬን ነው። ልጆችህን የምትጭንበት መኪና ላይ በድካም እንድሠራ አትፈልግም። ጠዋት የመጀመሪያው አንተ ነህ» አልኩት። ትንሽ አሰበና ቁልፉን ሰጠኝ። ጠዋት መጀመሪያ የሠራሁት የእሱን ነው። ቃልን ካከበራችሁ ሰው ይጠብቃል።

መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ካለ እወጣለሁ። በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ ፈቅጃለሁ። የወሰድኩትን ምሽት ግን በዚያው ሳምንት እመልሳለሁ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ እጽፈዋለሁ፣ ልጆቹም ያዩታል። ሌላው ምሽት ላይ የሥራ ስልኬን ከ1 ሰዓት ጀምሮ እዘጋዋለሁ።

ቤት ከመግባት በፊት

የሥራ ልብሴና ጫማዬ ጋራዥ ይቀራሉ። ይህን ስል የማጋነን ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ባትሪ ጫፍ ላይ የሚበቅለው ዱቄት እርሳስ ይኖርበታል። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለልጅ ምንም አይደለም የሚባል መጠን የለውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም በየቀኑ ቆዳ ላይ ከቆየ ለዓመታት ሲደጋገም ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣል። ሮጦ መጥቶ የሚያቅፈኝን የሦስት ዓመት ልጅ በዚያ ልብስ ማቀፍ አልፈልግም። ልብሱም ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብም።

እጅን በተመለከተ ይህቺን ያዙ። ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍራችሁን ደረቅ ሳሙና ላይ ቧጥጡ። ጥፍራችሁ ሥር ሳሙና ይሞላል፤ ግራሶ መግቢያ ያጣል። ማታ በቡሩሽ ስትነኩት ሳሙናው ይዞት ይወጣል። እጃችሁን ገና ሳታረጥቡ ትንሽ ንጹሕ ዘይት አሹበት፤ ዘይትን ዘይት ያላቅቀዋል። ከዚያ ሳሙናና ውሃ። በቤንዚን አትታጠቡ። ቆዳን አድርቆ ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁም የባሰ ነገር ይገባል።

መንገድ ላይም አንድ ልማድ አለኝ። በር ላይ ስደርስ ወዲያው አልገባም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ከገባሁ በኋላ ያለው የመጀመሪያው 20 ደቂቃ የልጆቹ ነው። አልቀመጥም፣ ስልክ አላይም።

ጊታሩ

የትርፍ ጊዜ ፍላጎትን ብዙ ሰው «ጊዜ ሳገኝ» ይለዋል። እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ ጊታሩ ለአራት ዓመት በሳጥኑ ውስጥ አልጋ ሥር ተኛ። ያዳነው አንድ ሚስማር ነው። አውጥቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከሳጥን ማውጣት፣ መክፈት፣ ማስተካከል ሲኖር የደከመ ሰው ይተወዋል። እጅ የሚደርስበት ቦታ ሲሆን ግን እያለፋችሁ ታነሱታላችሁ። በቀን 15 ደቂቃ ነው የምጫወተው። ያቺ 15 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይበልጥ ጣቴን አፍታታችው።

ስትመርጡ ሥራችሁ የማይነካውን ነገር ምረጡ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ የሚል ሰው ማታ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሌላ ነገር ቢፈታ ወገቡ አያርፍም። «ያንን ማራገቢያ እይልኝ»፣ «ሬዲዮዬ ድምፅ አጣ» የሚሉ ጎረቤቶችም አሉ። ወዳጅነት ነውና አልነፍጋቸውም፤ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚያ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ውጭ ቤቴ ውስጥ ካቻቢቴ አይነሳም።

ጆሯችሁንም ጠብቁ። በአየር ግፊት የሚሠራው የብሎን መፍቻ 100 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል። ለ8 ሰዓት ሥራ ተቀባይነት ያለው 85 ዴሲቤል ነው፤ በ100 ላይ 15 ደቂቃ ይበቃል ነው የሚሉት። የጆሮ መሸፈኛ ማድረግ የጀመርኩት ቀጭኗን የጊታር ክር በደንብ መስማት ሲያቅተኝ ነው። ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ክፍል የሚሸከመው ቀለበት) ሲያልቅ የሚያሰማውን ድምፅም የምለየው በዚሁ ጆሮ ነው።

ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ደብተር ይዘን ለ20 ደቂቃ እንቀመጣለን። የሚመጣው ሳምንት ላይ ምን ምን እንዳለ እንጽፋለን። የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የእሷ ትምህርት። ሁለት ምሽት የእሷ ናቸው። እነዚያ ምሽቶች ላይ ልጆቹን እኔ ነኝ የማስተኛው፣ ደንበኛ ቢጮህም ባይጮህም። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው። መጀመሪያ ላይ ጊታሬን ስጀምር ጊዜውን ያመጣሁት ከእሷ ዕረፍት ነበር፤ ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች «አንተ ስትጫወት እኔ መቼ ነው የምቀመጠው?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ያኔ ነው ደብተሩን የጀመርነው።

ልጆችን ወደ ሥራችሁ ማስጠጋትም ይረዳል። ትልቋ ልጄ አንዳንዴ ትመጣለች። ክሪክ ላይ ከተነሳ መኪና አጠገብ አላስደርሳትም። ዕቃ ማስቀመጫው ጋ ተቀምጣ ቁልፎቹን በቁጥራቸው ትደረድርልኛለች፤ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14። 10 እና 13ን አሁን ሳታነብ በዓይኗ ትለያቸዋለች። አንዷን አንስታ ብርሃን ላይ እያገላበጠች ውስጡን አየችና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ስድስት ጥግ ነው ያለው፣ ያኛው ደግሞ አሥራ ሁለት» አለችኝ። እኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሙያው ውስጥ ገብቼ ነው ያየሁት።

ዛሬም አንድ ዘይት የሚያፈስ መኪና ጋራዥ አድሯል። ከሥሩ ጠርጌዋለሁ፣ ካርቶኑ ተነጥፏል፣ መሪው ላይ ወረቀት አለ። ልጄ አዲስ ግጥም አምጥታለች። እሷ ታነባለች፣ እኔ ከጀርባ ሦስት ኮርድ እየደጋገምኩ እከተላለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ትፈጥናለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።