ታር ከመፍታታችሁ በፊት ባዶ ፎልደር ክፈቱ

ሰሞኑን ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ የድሮ ባክአፕ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ፈታ። የፈታውም በታር ነው፤ ታር ብዙ ፋይሎችን በአንድ ፋይል የሚያጠቃልልና መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ወዲያው የሦስት ቀን ሥራው ጠፋ። ባክአፑ ውስጥ ያሉት አሮጌ ፋይሎች ስማቸው ከአዲሶቹ ጋር አንድ ነበር። ሊኑክስ ላይ ያለው ታር ደግሞ ሳይጠይቅ ይተካል። እንደ ዴስክቶፑ ከቆሻሻ መጣያ መልሶ ማውጣትም የለም። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

እናንተ ላይ እንዳይደርስ መጀመሪያ ውስጡን እዩ። የታር ትዕዛዙ ላይ ፍታ በሚለው ፊደል በኤክስ ፋንታ ቲ ጻፉ። ምንም ሳይፈታ የፋይሎቹን ዝርዝር ብቻ ያሳያችኋል። ሁሉም በአንድ ፎልደር ስም ካልጀመሩ፣ ስትፈቱት ያላችሁበት ቦታ ላይ ይበተናሉ።

እኔ ሁልጊዜ አዲስ ባዶ ፎልደር እከፍታለሁ። ከዚያ ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ሰረዝና ትልቁን ሲ፣ ቀጥሎም የፎልደሩን ስም እጽፋለሁ። ታር እዚያ ውስጥ ይፈታዋል። ባዶ ቦታ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም። አይቼ የምፈልገውን ብቻ ኮፒ አደርጋለሁ። አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው!

የግድ እዛው መፍታት ካለባችሁ ሰረዝና ትንሹን ኬ ጨምሩ። የነበረውን ፋይል አይነካም፤ ስህተት ብሎ ይነግራችኋል።

ፋይሉ ታር ሳይሆን ዚፕ ከሆነ፣ የሚፈታው ፕሮግራም አንዚፕ ከመተካቱ በፊት ራሱ ይጠይቃችኋል። ስትቸኩሉ ግን ትልቁን ኤ እንዳትመልሱለት፣ ሁሉንም ተካ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ሰረዝና ትንሹን ኤን ብትጨምሩበት፣ ያለውን ትቶ የሌለውን ብቻ ያወጣል።