ፎርማት ሲደረግ በኔትወርክ ድራይቨር የሚወድቅ አሮጌ ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ፒያሳ ላፕቶፑን ታቅፎ ሶፍትዌር ቤት የሚገባ ሰው ቅሬታው ይመሳሰላል፦ «መጫኑን ሊጨርስ ሲል ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል።» መልሱም ይመሳሰላል፦ «ቆይ ወንድሜ፣ በሌላ ፍላሽ እንሞክር።» ሌላ ፍላሽ ይሰካል፣ እንደገና ፎርማት ይደረጋል፣ እዚያችው ቦታ ላይ ይወድቃል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ማሽን ያለው ሁሉ «ምን ልጫንበት?» እያለ ነው።

አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ አልሞተም። የሚጥለው የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ደጋግማችሁ ፎርማት ብታደርጉትም ፍላሹ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ስለሚያነሳ ለውጥ የለውም። መላው ሲስተሙን ያለ ኔትወርክ መጫን፣ ኔትወርኩን በኋላ ራሳችሁ በመረጣችሁት ድራይቨር ማስነሳት ነው።

ምልክት፦ ፋይል ቀድቶ ጨርሶ፣ ከሪስታርት በኋላ ሰማያዊ ስክሪን

ዊንዶውስ መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ዲስኩ ይቀዳል። ከሪስታርቱ በኋላ ነው ካርዶቹን አንድ በአንድ እየለየ ድራይቨር የሚጭነው። ፐርሰንቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ደርሶ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ሰማያዊውን ስክሪን ቶሎ አታጥፉት፤ በስልክ ፎቶ አንሱት። ብዙ ጊዜ ከታች የጣለው ፋይል ስም ይጻፋል። በ«አርቲ640» ከጀመረ የሪልቴክ የኬብል ካርድ ነው። በ«ቢሲኤም» ከጀመረ ብሮድኮም፣ በ«ኤቲኤች» ከሆነ አቴሮስ፣ በ«ኔትደብሊው» ከሆነ የኢንቴል ዋይፋይ። በወደቀ ቁጥር ያው ስም ከመጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ስሙ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ድራይቨሩን ተዉትና ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጠርጥሩ። አውጥታችሁ ወርቅማውን ጥርስ በላጲስ ጠረግ አድርጉት። ሁለት ከሆኑ አንድ አንዱን ለብቻው ሞክሩ።

መፍትሄው ከባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ይጀምራል። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት፣ እንደየስሪቱ። «ኦንቦርድ ላን» (የኬብሉ) እና «ዋየርለስ ላን» (የዋይፋዩ) የሚሉትን ዲሴብል አድርጉ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ፣ ጭነቱን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ዊንዶውስ 10 ኔትወርክ ካላገኘ በአካውንትም አይጨቀጭቃችሁም፤ «ኢንተርኔት የለኝም» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ባዮሱ ይህ ምርጫ ከሌለው ካቻቢቴ ማንሳት ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ የስሩን ክዳን ክፈቱ። የዋይፋይ ካርዷ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቀጭን ሰሌዳ ናት። ሁለት ቀጫጭን ገመዶች፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ጫፏ ላይ ተሰክተዋል። የቱ የት እንደነበር ፎቶ አንሱ። ከዚያ በጥፍራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቧቸው፤ ወደ ጎን ከታጠፉ መሰኪያው ይሰበራል። ብሎኖቹ ሲፈቱ ካርዷ ራሷ ቀና ትላለች። የተንጠለጠሉትን የገመድ ጫፎች በፕላስተር ሸፍኑና ጫኑ። ካርዷ ወጥታ ጭነቱ ካለቀ ምርመራው አለቀ።

ታዲያ አዲስ የውስጥ ካርድ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች የማያውቁት ካርድ ከተሰካባቸው አንነሳም ይላሉ። ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላግላለች።

ከተጫነ በኋላ፦ የትኛውን ድራይቨር?

ካርዱን መልሱና (ባዮስ ላይ ዲሴብል ካደረጋችሁት መልሳችሁ አብሩና) ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ዊንዶውስ ካርዶቹን የሚዘረዝርበትን መስኮት፣ ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ነክታችሁ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ሰሪውን ይናገራሉ፦ 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ሞዴሉ ናቸው። በዚህ ቁጥር የላፕቶፑ ሰሪ ገጽ ላይ ፈልጉ። ለዊንዶውስ 7 ወይም 8 የወጣ ድራይቨር ብዙ ጊዜ 10 ላይም ይሠራል፤ ለአሮጌ ካርድ ከአዲሱ ይልቅ እሱ የሚረጋበት ጊዜ አለ።

«ሁሉም ድራይቨር በአንድ ፍላሽ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች እኔ አልወዳቸውም። ላልጠየቃችሁት ካርድ ሁሉ አዲስ ድራይቨር ይጭናሉ፣ የማይፈለግ ሶፍትዌርም ይዘው የሚገቡ አሉ። ሶፍትዌር ቤት ሲሰኩላችሁ ካያችሁ «የኔትወርኩን ብቻ» በሉ።

ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌለ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና ከሆትስፖት ማስተካከያው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። የታመመው ካርድ ሳይነካ በስልኩ ዳታ ትገባላችሁ።

ምልክት፦ በደንብ ተጭኖ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ መውደቅ ይጀምራል

ይህ የአፕዴት ሥራ ነው። ዊንዶውስ ኔትወርክ ሲያገኝ አዲስ ድራይቨር በራሱ አውርዶ ደህናውን ይተካዋል። በሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ፣ ግቡ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» (ወደ ቀድሞው ድራይቨር መልስ) በሉ። ቁልፉ ከደበዘዘ ድራይቨሩን ከነፋይሉ አጥፉና የድሮውን ጫኑ። ከዚያ ኮኔክሽኑን «ሚተርድ» (በዳታ ልክ የሚቆጠር) አድርጉት፤ ድራይቨር በሚተርድ ኮኔክሽን ይውረድ የሚለው ምርጫም መጥፋቱን እዩ። የጥቅል ዳታችሁም ይተርፋል።

ምልክት፦ ሊኑክስ ሲጫን ይቆማል፣ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል

ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም ነው። የመብራቷ ብልጭታ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ መውደቁን ነው የምትናገረው። የመነሻው ሜኑ ላይ ሳላችሁ «ኢ» የምትለዋን ፊደል ተጫኑ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ሂዱና ክፍተት ሰጥታችሁ ጻፉ፦ ሞድፕሮብ፣ ነጥብ፣ ብላክሊስት፣ እኩል ይሆናል፣ የድራይቨሩ ስም። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ፣ መሃሉ ሳይከፈት። ለብዙ የቆዩ ብሮድኮም ካርዶች ስሙ ቢ43 ነው። ኤፍ10 ስትጫኑ ያ ድራይቨር ሳይነሳ ይቀጥላል።

ካርዱ ሳይጥለው ዝም ብሎ «ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) የለም» ካለ ፍላሹ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ12ኛው እትም ጀምሮ የብዙ ካርዶችን ፈርምዌር አብሮ ይዟል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው 11 ግን የለውም። ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ 13ን አትሞክሩ፣ ለ32 ቢት መጫኛ የለውም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሌላ ዓይነት የጫነ ሰው የተጫነበትን ፍላሽ ሳይነቅል ድራይቨር ማኔጀርን ከከፈተ፣ የብሮድኮሙን ያለ ኢንተርኔት ያገኘዋል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ካሉ ዊንዶውሱ ላይ «ፋስት ስታርታፕ»ን አጥፉት፤ ካርዱን እንቅልፍ ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ቻርጀሩንና ባትሪውን ለዩ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መልሱ።

ድራይቨር የሚመስል፣ ግን ያልሆነ

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ደሴ ላይ ደህና ሲሠራ የነበረ ላፕቶፕ እዚያ ጭነት መሃል ድንገት ድርግም ካለ፣ ያውም ያለ ሰማያዊ ስክሪን፣ መጀመሪያ ፋኑን ከአቧራ አጽዱ።

ሌላው የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን የምትይዘው ትንሽ የውስጥ ባትሪ ናት። ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይሸሻል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ግን ድረ ገጽ አይከፈትም፣ የሊኑክሱ ጫኚም ፋይል አላወርድም ይላል። የዌብሳይቱ ሰርተፍኬት ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር አልገጥም ብሎ ነው። ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ከተመለሰ ሲአር2032 የምትባለውን ባትሪ ቀይሩ። የእጅ ሰዓት የሚጠግኑት ጋ አትጠፋም።