ከፍቺ በኋላ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅን እንዴት ወደ ክፍሉ መመለስ ይቻላል?

እናት «ከአባቱ ቤት ተነሥቶ ሄዷል» ትላለች። አባት ደግሞ «እናቱ ልካዋለች» ይላል። ልጁ ግን አያቱ ጓሮ ይውላል። ጅማ ውስጥ ከተፋታን በኋላ የልጄ ትምህርት የተበላሸው በዚህ ክፍተት ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ ልጁ ወደ ክፍሉ እስኪመለስ ድረስ ከመምህራን፣ ከሽማግሌዎችና ከራሱ ከልጁ የተማርኩት ነው።

1. የቀረባቸውን ቀኖች በእጅዎ ያስገቡ

በወሬ ላይ ተመሥርተው አይነሡ። ሆም ሩም የሚባለውን የክፍል ኃላፊ መምህር የስም ጥሪ መዝገቡን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ልጁ የቀረባቸውን ቀኖች ገልብጠው ቤት ባለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቧቸው። በወር ሁለት ቀን መቅረት እንደ ቀላል ይታያል። ነገር ግን በወር ውስጥ ካሉት ሃያ ገደማ የትምህርት ቀኖች 10 በመቶ ያህል ነው፤ በብዙ አገሮች ሥር የሰደደ ቀሪነት የሚባለውም ከዚሁ ይጀምራል።

ከዚያ ክቦቹ የት እንደተሰበሰቡ ይመልከቱ። ሐሙስ ሐሙስ ከሆነ ገበያውን ይጠርጥሩ፤ ትልልቆቹ ገበያ ሲወጡ ታናሹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነና ከወላጆቹ አንዱ ማና ወይም ጎማ ወረዳ በኩል የቡና መሬት ካለው፣ ለቀማ ላይ ነው የሚውለው። ፈተና ሲቃረብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያስቸገረው ትምህርቱ ሊሆን ስለሚችል ፍቺውን ብቻ አይውቀሱ።

የእኛ ክቦች ሰኞ ላይ ነበሩ፤ ምክንያቱም አንድ ዩኒፎርም ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜና እሑድን አባቱ ጋር ያሳልፋል፣ ዩኒፎርሙ እሑድ ማታ ይታጠባል፣ ሰኞ ጠዋት የሹራቡ እጅጌና አንገት ገና ውኃ ያዘለ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ልጁ እርጥቡን ሹራብ ለብሶ ከመንቀጥቀጥ ወይም ያለ ዩኒፎርም ሄዶ ከበር ከመመለስ መቅረትን መረጠ። ስለዚህ ለአስጠኚ ከመክፈልዎ በፊት ሁለተኛ ዩኒፎርም ይግዙና በሌላኛው ቤት ይቀመጥ። እስክሪብቶና ትርፍ ደብተርም እንዲሁ። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም።

2. ልጁን ያነጋግሩ

ፊት ለፊት አስቀምጦ «ለምን ትቀራለህ?» ማለት ብዙ አያስገኝም። አብራችሁ ስትሄዱ፣ ወይም ቡና እየለቀማችሁ ጠይቁት። በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዱን የሚያመው፣ ቅዳሜ ግን ደህና የሚሆን ልጅ እየዋሸ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ጭንቀት ልጆችን በእውነት ሆዳቸውን ያማቸዋል። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም ጨዋታ ካስጠላው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ጤና አገልግሎት ስላለ፣ ወደዚያ መውሰድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

3. «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ይፍቱ

ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው አብዛኛው ቤተሰብ የሚሰናከልበት እዚህ ስለሆነ ነው።

የቀረ ልጅ በማግስቱ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። እናትና አባቱ አብረው ለሚኖሩ ልጅ ይህ የአንድ ማታ ቁጣ ነው። ወላጆቹ ለተለያዩ ልጅ ግን ማንን ያምጣ? እናቱን ቢያመጣ አባቱ ቤት አድሮ መቅረቱ ይታወቃል፣ በስልክ ጠብ ይነሣል። አባቱን ቢያመጣ እናቱ «ከእኔ ደበቅህ» ትለዋለች። ለሁለቱም ይሳሳልና ማንንም አያመጣም። በማግስቱ ቦርሳውን አንግቦ ይወጣል፣ ከተማው ውስጥ ከሂርማታ እስከ አጂፕ ሰፈር ይዞራል፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ቤት ይገባል። አንዷ ቀን ሳምንት የምትሆነው በዚህ መንገድ ነው። የልጄ የክፍል መምህርት መዝገቧን ስትገልጥ አንድ ሰኞን ተከትለው እስከ ዓርብ የተደረደሩ የቀሪ ምልክቶች አየሁ፤ እኔ በዚያ ሳምንት በየጠዋቱ ምሳውን ቋጥሬ ሸኝቼዋለሁ።

ስለዚህ ሳይጠሩ ይሂዱ። የክፍል ኃላፊውንና ምክትል ርዕሰ መምህሩን በአንድ ላይ ያነጋግሩ። የፍቺውን ምክንያት መናገር አያስፈልግም፤ ልጁ በሁለት ቤት እንደሚያድግ መናገር ይበቃል። ቃል ስለሚረሳ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ከልጁ ፋይል ጋር ያስይዙ፦

«እኛ የተማሪው እናትና አባት የምንኖረው በተለያየ ቤት ነው። ልጁ ሲቀር በዚያው ጠዋት ለሁለታችንም እንዲደወልልን እንጠይቃለን። ወላጅ እስኪመጣ ድረስ ግን ልጁ ከበር አይመለስ፤ ክፍል ገብቶ ይማር።»

ከሥሩ የሁለታችሁ ስልክ ቁጥርና ፊርማ ይስፈር። ሁለተኛው ወላጅ ካልፈረመ በአንድ ፊርማም ቢሆን ያስገቡ። የጥበቃ ሠራተኛውም ይህን እንዲያውቅ ይጠይቁ፣ ልጁን ከበር የሚመልሰው እርሱ ነውና። ልጁ ስለቀረ ይመታል ወይም ይንበረከካል የሚል ሥጋት ካለዎት ደግሞ በግልጽ ያንሡት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የቀሪ ተማሪዎችን ስም ወላጆች በሙሉ በሚያዩት የቴሌግራም ቡድን መለጠፍን አልወደውም። ልጁን በጓደኞቹ ቤት ሁሉ ያዋርደዋል። ስልክ ይደወል።

4. ከሌላኛው ወላጅ ጋር ስለ ጠዋት ብቻ ይነጋገሩ

ማን ይቀሰቅሰዋል? ማን ያደርሰዋል? የባጃጁን ማን ይከፍላል? የቀለብ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ከገባ ንግግሩ አለቀ፤ ለእርሱ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። «አባትህን ገንዘብ በለው» ብሎ ልጁን መላክም ይቅር። የሚላክ ልጅ መልሱን ፈርቶ ከሁለቱም ቤት ይሸሻል።

ፊት ለፊት መነጋገር ካልተቻለ ሽማግሌ ይያዙ፤ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ልማዱ ባልና ሚስት ማስታረቅ ነው። ካልነገሯቸው ውሎው «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» በሚል ልመና ያልቃል፤ አንደኛው ተቆጥቶ ይነሣል፣ የልጁ ነገር ሳይነሣ ይቀራል። «ለዕርቅ አልጠራናችሁም፤ ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲማር ነው» ብለው ይጀምሩ። ከተቻለ ልጁ የሚወደው አጎት ወይም አክስት ትገኝ። አያትም ትጠራ፤ ከትምህርት ቤት የሸሸ ልጅ የሚገኘው እርሷ ጋር ነውና «አንድ ቀን ቢቀር ምን አለበት» ማለቷን ካልተወች የተቀረው ስምምነት አይጸናም።

5. ስምምነት ካልተገኘ

ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የመጨረሻው መንገድ ይሁን። ጅማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ሌላኛው ወላጅ መቼ እንደሚያገኘው አስቀድሞ ተወስኖ ከሆነ፣ በትምህርት ቀኖች አንድ ቤት እንዲያድር ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ብቻ ነው። የትም ቢሄዱ የቀሪ ቀኖቹን ዝርዝር፣ ለትምህርት ቤቱ የጻፉትን ደብዳቤ ቅጂና የሕክምና ወረቀት ይያዙ። በልጅ ጉዳይ ቀዳሚው ነገር የልጁ ጥቅም መሆኑ በዚያው በአንቀጽ 36 ተጽፏል፤ ስለ ቀድሞ ባልዎ ወይም ሚስትዎ ጠባይ ከሚያወሩ ይልቅ ይህን ማስረጃ ያቅርቡ።

6. የመመለሻው ሳምንት

መጀመሪያ ሒሳብ ይካካስ፤ የቀረበት ምዕራፍ የሚቀጥለውን ይዘጋበታል። ሌላውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር በጥቂት በጥቂቱ ይገልብጥ፤ ሁሉንም በአንድ እሑድ እንዲጨርስ ማስገደድ ሰኞን እንደገና ያስጠላዋል።

መሸኛ አስወጥቶ ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት አይቸኩሉ። በተለይ ሌላኛው ወላጅ አዲስ አበባ ከሆነና ልጁ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ፣ የመማሪያ ቋንቋው ሊለወጥበት ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

ከዚያ በየወሩ መጨረሻ ስም ጥሪውን ራስዎ ይመልከቱ። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲመጣም ቅጹ ላይ የአንድ ወላጅ ስልክ ብቻ አይጻፍ፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ ባይኖር እንኳ ሁለተኛውን ያስጽፉ። አዲሱ የክፍል መምህር የዘንድሮውን ደብዳቤ ማየት አለበትና መስከረም ላይ ቅጂውን ይዘው ይሂዱ።