ስለ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ብሔራዊ ቡድን በተሸነፈ ማግስት የስድብ ውርጅብኙ የሚያርፈው ፌዴሬሽኑ ላይ ነው። አንዳንዴ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን በማይመለከተው ጉዳይ ይወቀስና እሱው ያበላሸውን ማንም ሳያነሳው ያልፋል። ወቀሳችን ዒላማውን የሚስተው የፌዴሬሽን ሥራ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ስለማንለይ ነው። ከደጋፊውም ከጋዜጠኛውም አንደበት ደጋግመው የሚሰሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፌዴሬሽን ማለት ብሔራዊ ቡድን ማለት ነው»

ጎበዝ ትውልድ ሲገጥም ሰነፍ ፌዴሬሽን ጉዱ ለዓመታት ይሸፈንለታል፤ ሥራውን የሚያውቅ ፌዴሬሽንም ቡድኑ በመለያ ምት ስለተሸነፈ ብቻ ይብጠለጠላል። ዋናው ሥራ ያለው ካሜራ በማይደርስበት ቦታ ነው፦ ተጫዋች መመዝገብ፣ ዳኛና የጨዋታ ኮሚሽነር ማሠልጠን፣ ለአሠልጣኝ ፈቃድ መስጠት፣ የታዳጊና የሴቶች ውድድር ማካሄድ፣ በዲሲፕሊን ጉዳይ መወሰን።

ምዝገባን ብቻ እንውሰድ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። 16ኛ፣ 17ኛና 18ኛ ልደቱን ባከበረባቸው ሦስት የውድድር ዘመናት ያሳደገው ክለብ የዝውውሩ 1.5 በመቶ ይደርሰዋል። ዝውውሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ 15 ሺህ ዶላር ማለት ነው፤ ለትንሽ ክለብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው ግን ፌዴሬሽኑ በያዘው የምዝገባ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ የት ይጫወት እንደነበር መዝገቡ ካላሳየ ክለቡ መብቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። በዚህ ምክንያት ፌዴሬሽን ላይ የተጮኸበትን ቀን ግን አላስታውስም።

«መንግሥት ለምን አያባርራቸውም?»

መዘዙ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ፌዴሬሽን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ አባላት ያሉት ማኅበር ነው፣ እሱ ራሱ ደግሞ የፊፋ አባል ነው። የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ እያንዳንዱ አባል ጉዳዩን ያለ ሦስተኛ ወገን ጣልቃ ገብነት እንዲመራ ያስገድዳል። ሚኒስትር ፕሬዝዳንቱን አውርዶ የራሱን ሰዎች ሲያስቀምጥ ፊፋ ሰዎቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ አይጠይቅም፤ አገሪቱን ያግዳል።

ኬንያን ማየት ይበቃል። በ2021 መጨረሻ መንግሥት በገንዘብ ብክነት ጥርጣሬ ፌዴሬሽኑን በትኖ ጊዜያዊ ኮሚቴ ሾመ። በፌብሩዋሪ 2022 ፊፋ አገደ። ዚምባብዌም አብራ ታገደች፤ ሁለቱም ከ2023ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ውጭ ሆኑ።

ጣልቃ ገቡ የግድ ሚኒስትር መሆን የለበትም። በህንድ ፌዴሬሽኑን እንዲመራ ኮሚቴ የሰየመው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። ፊፋ በኦገስት 2022 አገደ። እገዳው የተነሳው ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢሆንም የጎኩላም ኬራላ ሴቶች ቡድን ለእስያ ክለቦች ውድድር ታሽኬንት ከደረሰ በኋላ ሳይጫወት ተመለሰ። እነዚያ ተጫዋቾች በፌዴሬሽኑ ጠብ ውስጥ ምንም እጅ አልነበራቸውም። እገዳ ሲባል ብሔራዊ ቡድኑ ብቻ የሚቀጣ የሚመስለው ሰው ይህን ያስታውስ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ፤ ይህን የሚያስፋፉት ብዙ ጊዜ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። «ፊፋ ይጠብቀናል፣ ማንም ሊጠይቀን አይችልም» ይላሉ። ውሸት ነው። ነፃነቱ ከአስተዳደር ጣልቃ ገብነት እንጂ ከወንጀል ሕግ አይደለም። በሜይ 2015 የስዊዘርላንድ ፖሊስ በአሜሪካ ጥያቄ ዙሪክ ሆቴል ውስጥ ሰባት የእግር ኳስ ባለሥልጣናትን ሲይዝ የአገር ፌዴሬሽን መሪዎችም ነበሩበት። ፊፋ «ጣልቃ ገባችሁ» ብሎ አሜሪካንም ስዊዘርላንድንም አላገደም። ገንዘብ ተሰርቋል የሚል ማስረጃ ያለው መንግሥት መንገዱ ዓቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ነው፤ ሰውየው በሕግ ሲጠየቅ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ግን የፌዴሬሽኑ ደንብ ይወስናል።

«የወረቀት ጉዳይ ነው፣ ዋናው ሜዳው ነው»

በጁን 2013፣ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትና በዚያ ጨዋታ መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ግን ተሰልፎ ነበር። ዋሊያዎቹ በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን ረትተው ሕዝቡ በደስታ ጎዳና በወጣበት ዕለት ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ፤ በኋላም የቦትስዋናው ጨዋታ 3 ለ 0 በሆነ ሽንፈት ተመዘገበ። ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ስለጨረሰ ከጉድ ወጣ። በዚያው ማጣሪያ ኬፕ ቨርድ ግን እንዲህ አልቀናትም፦ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ መጨረሻው ዙር አለፍኩ ስትል፣ ቅጣት ያለበት ተጫዋች በማሰለፏ ውጤቱ ተገልብጦ ቱኒዚያ አለፈች።

ትምህርት ሆኗል ትሉ ይሆናል። በማርች 2025 ደቡብ አፍሪካ ሌሶቶን 2 ለ 0 አሸንፋ በዚያው ዓይነት የካርድ ስህተት 3 ነጥብ አጥታለች። ገንዘብም ባለሙያም ያለው ፌዴሬሽን መሆኑን ልብ በሉ።

ተጫዋቹን መውቀስ እዚህ ላይ ትርጉም የለውም። ዳኛውም በሰዓቱ አያስቆመውም። ካርድ ቆጥሮ ለአሠልጣኙ «ይሄ ልጅ ነገ አይሰለፍም» የሚል ሰው መመደብ የፌዴሬሽኑ ሥራ ነው። ስለዚህ ነው ጋዜጠኛ ከጨዋታ በፊት ስለ አሰላለፍ ከሚጠይቀው ጥያቄ አንዱን እንኳ ለዚህ ቢያውለው የምመርጠው።

«የሊጉን ፕሮግራም ያመሰቃቀለው ፌዴሬሽኑ ነው»

ምናልባት። መጀመሪያ ግን ሊጉ የማን እንደሆነ ይጣራ። በ1863 የተመሠረተው የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ፕሪሚየር ሊጉን አያስተዳድርም፤ ሊጉ በ1992 የተቋቋመ፣ 20ዎቹ ክለቦች ባለድርሻ የሆኑበት ኩባንያ ነው፣ ፌዴሬሽኑ ያለው በተወሰኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚሠራ ልዩ አክሲዮን ነው። በጀርመንም ሁለቱን ከፍተኛ ሊጎች የሚመራው ሌላ ድርጅት ሲሆን ፌዴሬሽኑ ብሔራዊ ቡድኖቹን፣ የጀርመን ዋንጫንና ሦስተኛውን ሊግ ይዟል። በሌላ አገር ሁሉንም ፌዴሬሽኑ ጠቅልሎ ይይዛል። የቴሌቪዥን ገንዘብ ክፍፍል ያንገበገበው ደጋፊ የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ትክክለኛው በር ውስጥ ያሉት ሰዎች ደስ ይላቸዋል።

«ሕጉን ለምን አይቀይሩትም?»

የጨዋታውን ሕግ ፌዴሬሽን አያወጣም። የሚያወጣው በ1886 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕጎች ቦርድ ነው። ከ8 ድምፅ 4ቱ የፊፋ፣ የቀሩት አንድ አንዳቸው የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ናቸው፤ ለውጥ የሚያልፈው በ6 ድምፅ ነው። ፌዴሬሽን ለታዳጊዎችና ለታችኛው ደረጃ ውድድር የጨዋታ ደቂቃን ወይም የቅያሪ ብዛትን ማሻሻል ይችላል። በከፍተኛ ሊግ ስለተፈጠረ የእጅ ንክኪ ግን አቤት የሚባለው እሱ ዘንድ አይደለም።

«ፍርድ ቤት እንገናኝ»

ቅጣት የተጣለበት ክለብ መጀመሪያ የሚያስበው መደበኛ ፍርድ ቤት ነው። የፊፋ ደንብ በመርህ ደረጃ ይህን ይከለክላል፤ ለተጫዋቾች የሥራ ውል ክርክር ግን በር ክፍት ነው። መንገዱ የፌዴሬሽኑን የይግባኝ አካላት ጨርሶ፣ የአገሩ ደንብ ከፈቀደ፣ ሎዛን ወደሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት መሄድ ነው። ለዚያ ፍርድ ቤት በተለምዶ ያለው ጊዜ 21 ቀን ብቻ ነው። መግለጫ እየሰጠ ቀኑን ያቃጠለ ክለብ ጉዳዩ ትክክል ቢሆንም አይሰማለትም።

«ፕሬዝዳንቱ ይውረድ እንጂ ሌላው ይስተካከላል»

ፕሬዝዳንቱ ስብሰባ ይመራል፣ ፌዴሬሽኑን ይወክላል። የዕለት ሥራው፣ ያ የካርድ ቆጠራ ጭምር፣ በዋና ጸሐፊው በሚመራው ጽሕፈት ቤት ነው። ከሁለቱም በላይ ጠቅላላ ጉባኤው አለ፤ ደንብ የሚያሻሽለው፣ በጀትና ሒሳብ የሚያጸድቀው እሱ ነው። በፊፋ የ2023–2026 የልማት ፕሮግራም አንድ አባል ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ሊያገኝ ይችላል፦ እስከ 5 ሚሊዮኑ ለሥራ ማስኬጃ፣ እስከ 3 ሚሊዮኑ ለተወሰኑ ፕሮጀክቶች። በዚህ ላይ እጅ የሚያወጡት የክለቦችና የክልሎች ተወካዮች ናቸው። ክለባችሁ ለጉባኤው ማንን ላከ? የኦዲት ሪፖርቱ ከስብሰባው ስንት ቀን በፊት ደረሰው? አንብቦት ነው ወይስ አዳራሽ ሲገባ ነው የታደለው? የክለቡ አመራር በቀጣዩ ጊዜ መግለጫ ሲሰጥ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከአዲስ አጥቂ ግዢ ጥያቄ በፊት።