14 ጫማ የእንጨት ሰርፍቦርድ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ

ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ኦኖፍሬ የሚባል የባህር ዳርቻ አለ። ሞገዱ ለስላሳ ነው። ከሩቅ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። አጭር ሰርፍቦርድ፣ ማለትም ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ የያዙት ልጆች ሞገዱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከሁሉም ርቆ ወደ ውስጥ የገባ ሽማግሌ አየሁ። ከእንጨት የተሰራ፣ ከእሱ ቁመት ከእጥፍ በላይ የሚረዝም ቦርድ ይዟል። ውሃው ገና እብጥ ከማለቱ ሦስት አራት ጊዜ ቀዘፈና ተነስቶ ቆመ። ቦርዱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ እስከ ዳር ድረስ ተንሸራተተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨት ልገዛ ሄድኩ።

ጥበቡ የሃዋይ ሰዎች ነው። ኦሎ የሚባለው ረጅሙ ቦርድ የአለቆቻቸው ነበር። ሆኖሉሉ በሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም የአለቃ አብነር ፓኪ ቦርዶች ዛሬም አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ለኦሎ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዊሊዊሊ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። ዊሊዊሊ ከእኛው ኮርች ጋር አንድ ወገን መሆኑን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። ቶም ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነዚያን የሙዚየም ቦርዶች ካደሰ በኋላ፣ ክብደታቸውን ለመቀነስ ውስጡ ባዶ የሆነ ቦርድ መስራት ጀመረ። የፈጠራ መብቱንም በ1932 አገኘ። እኔ የምነግራችሁ አሰራር ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። ውስጡ አጽም፣ ላዩ ስስ ጣውላ።

ርዝመቱ ለምን ያስፈልጋል? ማንኛውም ውሃ ላይ የሚሄድ ነገር የራሱን ሞገድ ይፈጥራል፣ ያ ሞገድ ደግሞ ይይዘዋል። አካሉ በረዘመ ቁጥር ሳይያዝ የሚደርስበት ፍጥነት ይጨምራል። በጀልባ ሠሪዎች ደንብ ብናሰላው፣ 9 ጫማ ርዝመት በሰዓት 7.4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያዝ፣ 14 ጫማ ግን 9.3 ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በክንዳችሁ ስትቀዝፉ ግን ሞገዱን በመያዝና ባለመያዝ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ስዕሉ

የኔ መጠን ይሄ ነው። ርዝመት 4.27 ሜትር፣ ስፋት 58 ሳንቲም፣ መሐሉ ላይ ውፍረት 9 ሳንቲም። ከስሩ ሲታይ አፍንጫው (የፊት ጫፉ) 9 ሳንቲም፣ ጭራው 4 ሳንቲም ቀና ይላል። ጫፎቹን ከዚህ በላይ ወደ ላይ አታንሷቸው፤ ቀጥ ያለ ቦርድ ነው የሚንሸራተተው። ቅርጹን በወፍራም ወረቀት ላይ ግማሹን ብቻ ሳሉና ገልብጡት። ሁለቱን ጎን ለየብቻ ከሳላችሁ አንድ አይሆኑም።

እንጨቱ

ፖሎኒያ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። ቀላል ነው፣ ውሃ አይወድም፣ ኮላም በደንብ ይይዛል። ሬድ ሲዳር ቀለሙ ያምራል፣ ግን ይከብዳል። አቧራውም ሳንባ ላይ ክፉ ነው። ጭምብል ሳታደርጉ እንዳትልጉት፣ አንድ ቀን እንኳን ቢሆን። ባልሳ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ግን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል።

ጉጥ የሌለበት፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ ጣውላ ምረጡና በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አሰንጥቁት። የሚረዝም ጣውላ ካጣችሁ ሁለት አጫጭሮችን ቀጥሉ። ጫፎቹን በ4 ሳንቲም ሰያፍ ላጉና አንዱን በሌላው ላይ አስተኝታችሁ በኮላ አጣብቁ። መጋጠሚያዎቹ በአንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ አዟዙሯቸው።

አጽሙ

ከ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አንድ ረጅም አከርካሪ ቁረጡ። በየ30 ሳንቲሙ ጎድን ይገባበታል፣ በጠቅላላው 13 ገደማ። ክብደት ለመቀነስ ጎድኖቹን ሰፊ ሰፊ ቀዳዳ አብጁላቸው። ቀዳዳ የሌለው ጎድን እንዳይቀር። አየሩ ከአፍንጫ እስከ ጭራ መተላለፍ አለበት፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ።

አጽሙን ማቅናት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ትንሽ ቢዛነፍ ቦርዱ ቦርድ ይሆናል። ይሄኛው ከተዛነፈ አይሆንም።

የመጀመሪያ ቦርዴን አራት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሰራሁት። አምሮ ወጣ። ጎረቤቶቼ እየመጡ ፎቶ ተነሱበት። ውሃ ላይ ሳወጣው ግን ወደ ግራ ይጎትታል። ክብደቴን ወደ ቀኝ ባደርግም ይጎትታል። ከጭራው ስር ያለውን ክንፍ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ቤት መልሼ ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎች አመጣሁ፤ አንዱን አፍንጫው አካባቢ፣ አንዱን ጭራው አካባቢ አጋድሜ ከጫፍ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አየሁ። ሁለቱ ዱላዎች ትይዩ አልነበሩም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሳንቲም በላይ ተጠማዝዟል። ያ ቦርድ ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሊቃና አይችልም።

ለምን አይችልም? አጽሙ ብቻውን ሲሆን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ በአንድ እጅ ብታነሱት ይጠማዘዛል። የታችኛውና የላይኛው ጣውላ ሲጣበቅበት ግን ዝግ ሳጥን ይሆናል። ዝግ ሳጥን ደግሞ መጠማዘዝን እንቢ ይላል። ጥንካሬው ከዚህ ነው የሚመጣው። ግን ኮላው ሲደርቅ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደነበረ ያንኑ ይዞ ለዘላለም ይቀራል። ጠማማ ሆኖ ከደረቀ፣ ጠማማ ሆኖ ይጠነክራል ማለት ነው።

የኔ ጥፋት ወለሉን ማመኔ ነበር። የመኪና ማቆሚያ ወለል ውሃ ወደ በሩ እንዲወርድ ተብሎ አዘንብሎ ነው የሚሰራው። ጠረጴዛዎቼን እዚያ ላይ ደርድሬ፣ 60 ሳንቲም የምትረዝም ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ ለካሁ። አጭር ውሃ ልክ አራት ሜትር ላይ ትዋሻለች። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ስህተት አለ፣ ስህተቱ ይደመራል።

ሁለተኛውን ስጀምር አጎቴ ትዝ አለኝ። ጎንደር ውስጥ ግንበኛ ነበር። የአንድን ቤት አራት ማዕዘን የሚያስተካክለው ውሃ በተሞላ ላስቲክ ቱቦ ነው። ልጅ ሆኜ የቱቦውን አንድ ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። «ያዝ፣ አትንቀሳቀስ፣ ውሃው ይረጋጋ» ይለኝ ነበር። እዚህ አገር የሌዘር መለኪያ በብዙ ዶላር ይሸጣል። ለዚህ ሥራ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስድስት ሜትር ቱቦ ይበቃል። ውሃው ላይ ትንሽ ቀለም ጨምሩበት፣ በደንብ ይታያል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ልኩ ውሸት ነው። ጫፉን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስወጡት።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጥንድ ቀጥ ያለ ወፍራም ጣውላ እንደ ባቡር ሐዲድ አጋድሙ። በላዩ ላይ በየጎድኑ ቦታ አግዳሚ እንጨት አስቀምጡ፤ ቁመቱ የቦርዱን ጫፎች ወደ ላይ መነሳት የሚከተል ይሁን። አሁን ቱቦውን አምጡና የእያንዳንዱን አግዳሚ ግራና ቀኝ ጫፍ አስተካክሉ። የአፍንጫና የመሐል አግዳሚ ቁመታቸው ቢለያይ ችግር የለም፣ መለያየትም አለባቸው። የአንዱ አግዳሚ ግራና ቀኝ ግን እኩል መሆን አለበት። ከስሩ ስስ ቁራጭ እየሸጎጣችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሲባጎ ወጥሩ። አከርካሪው ከሲባጎው አንድ ሚሊ እንኳን መውጣት የለበትም።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይወስድባችኋል። ይውሰድ።

ከዚያም በኋላ አትመኑት። የታችኛውን ጣውላ ኮላ ቀብታችሁ ስትጭኑት፣ ሁለቱን ዱላዎች እንደገና አጋድማችሁ እዩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩ። ኮላው ገና ርጥብ ሳለ ይቃናል፤ ሲደርቅ አይቃናም። ለመጫን ሞርሳ ባልጠቀም እመርጣለሁ። ሞርሳ አጥብቆ ይስባል፣ ሳታውቁት አንዱን ጎን ከሌላው አብልጦ ይጎትታል። አሸዋ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ይሻላሉ፤ ክብደታቸው ወደ ታች ብቻ ነው። 24 ሰዓት ሳይሞላ አታንሷቸው።

ጎኑና ክዳኑ

ለጎኖቹ ስስ ዘንጎችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረባችሁ በኮላ ገንቡ። ለማሰር የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀድዳችሁ ተጠቀሙ፤ ከተገዛ ማሰሪያ ይበልጣል።

የላዩን ጣውላ ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። ክንፉ የሚቆምበት ድፍን እንጨት ገብቷል? ለመተንፈሻው (ኋላ የምነግራችሁ የአየር ቀዳዳ) ብሎን የሚሆን ድፍን እንጨት ገብቷል? ውስጡ በሙሉ ስስ ኢፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ተቀብቷል? ከተዘጋ በኋላ እጅ አይገባም። ኦሎዎቹ ክንፍ አልነበራቸውም። ብሌክ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ነው ቦርድ ላይ ክንፍ የገጠመው። ለጀማሪ ግን ክንፍ አድርጉለት፤ 25 ሳንቲም የሚሆን አንድ ክንፍ ይበቃዋል።

ጎኑን ማለስለስ በፒያላና በብርጭቆ ወረቀት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን መፋቂያ ከጣውላው ላይ አርቁት። 5 ሚሊ ሜትር እንጨት ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ጎድጉዶ ይተወዋል፣ ወይም ይበሳዋል።

ፋይበርግላስ

በካሬ ሜትር 136 ግራም የሚመዝነው ከመስታወት ክር የተሰራ ስስ ጨርቅ ይበቃል፤ ቦርዱ ላይ በኢፖክሲ ይለጠፋል። የምትቆሙበት ቦታ ላይ ሁለት ድርብ አድርጉ። ኢፖክሲውን በዓይን ግምት ሳይሆን በአምራቹ ልክ ቀላቅሉ። ማድረቂያውን ስላበዛችሁ ቶሎ አይደርቅም፤ እንዲያውም እስከ መጨረሻው ሙጭጭ ብሎ ይቀራል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት አየሩ እየሞቀ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ኢፖክሲው ስር አረፋ ይፈጥራል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ስሩ። እንጨቱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ኢፖክሲውንም አብሮ ይጠጣዋል። መጀመሪያ ያለ ጨርቅ አንድ ስስ እጅ ቀብታችሁ ብታሳድሩት ደግሞ የበለጠ ነው።

መተንፈሻው

ውስጡ ባዶ የሆነ ቦርድ የናስ ብሎን ያለው መተንፈሻ የግድ ያስፈልገዋል። ይህን ምርጫ አድርጎ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትስሙ። ቦርዱ 20 ዲግሪ ላይ ተዘግቶ መኪና ላይ ፀሐይ መትቶት 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ የውስጡ ግፊት በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ 1,400 ኪሎ የሚገፋ ኃይል ነው። መጋጠሚያው ይላቀቃል። በተቃራኒው የሞቀ ቦርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጸጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ያስገባል።

ስለዚህ መሬት ላይ ሁልጊዜ ክፍት፣ ውሃ ላይ ሁልጊዜ ዝግ። ቦርዱን ዳር አስቀምጡና ትንሽ ቆይታችሁ ዝጉት፣ የውስጡ አየር ከባህሩ ጋር እንዲላመድ። የመለዋወጫ ብሎን ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ።

ውሃ ላይ

የኔ ሁለተኛው 18 ኪሎ መጣ። 18 ኪሎ እንጨት ሰው ላይ ቢመጣ አጥንት ይሰብራል። ሰው በበዛበት ቦታ አትውጡ። ቦርዱን ከለቀቃችሁት የሚያቆመው የለም። ደግሞ ርዝመቱ ሞገዱን ከሁሉም ቀድማችሁ እንድትይዙ ያደርጋል። ሁሉንም ሞገድ አትውሰዱ። አንዱን ያዙ፣ ሁለቱን ለሌሎቹ ልቀቁ።

አቀዛዘፉ ይለያል። ሞገዱ እስኪደርስ አትጠብቁ። ከርቀት ስታዩት ጀምሩ፣ ረጅም ረጅም አድርጋችሁ ቅዘፉ። ቦርዱ መጀመሪያ ከባድ ይመስላል። ከዚያ በድንገት ይቀላል፤ ክንዳችሁን ብታቆሙም መሄዱን አይተውም። ያኔ ተነሱ። ለመዞር በኃይል አትርገጡት። ወደምትፈልጉበት ጎን ትንሽ ዘንበል በሉና ጠብቁ። ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ይሰማችኋል።

ስትወጡ ጨው በሌለው ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አጋድሙት፣ ብሎኑንም ፍቱት። ስትፈቱት አጭር ፉጨት መስማት አለባችሁ፤ ውጭ ያለው አየር ሲገባ ነው። ፉጨቱ ካለ ቦርዱ አጥብቆ ተዘግቷል ማለት ነው። ከሌለ የሆነ ቦታ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ፣ በመተንፈሻው በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጉ።